ከቻይና ምግብ ቤት ሜኑ የሚታዘዘውና የሚታለፈው

ለጤናው የሚጠነቀቅ ሰው ውጭ ሲመገብ የቻይና ምግብ ቤትን መሸሽ የለበትም። አትክልቱ ብዙ ነው፤ ዓሣም፣ ከሶያ ወተት እንደ አይብ የሚሠራው ቶፉም አለ፤ ሥጋው በቀጭኑ ተቆርጦ ከአትክልት ጋር ስለሚሠራ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ሻዩም ያለ ስኳር ይቀርባል። ችግሩ በዚያው ገጽ ላይ፣ ከእነዚሁ ጎን፣ ዱቄት ለብሶ በዘይት ተጠብሶ በስኳር ሶስ የተለወሰ ዶሮም መኖሩ ነው። በዚህ ግምገማ የምናየው የአንድን ቤት ጥሩነትና መጥፎነት አይደለም፤ በየትኛውም የቻይና ምግብ ቤት የሚያጋጥመውን ሜኑ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከስብና ከስኳር በምርጫ ብቻ ብዙ መትረፍ ይቻላል። ጨውን ግን መቀነስ እንጂ ማምለጥ አይቻልም። በተረፈ “አትክልት” ወይም “ዓሣ” የሚል ስም አይቶ ማዘዝ አያዋጣም፤ አስተናጋጁ መጠየቅ ያለበት ምግቡ እንዴት እንደሚበስል ነው።

ዎኩ ላይ የሚሆነው

የቻይና ጥብስ የሚሠራው ዎክ በሚባል ጎድጓዳ መጥበሻ፣ በጣም ኃይለኛ እሳት ላይ ነው። አትክልቱ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስለሚወጣ ቀለሙም ጥንካሬውም አይጠፋም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በዚያ እሳት ላይ ምግቡ እንዳይያዝ ዘይት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሳህን 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ መግባቱ የተለመደ ነው። አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ሳህን የብሮኮሊ ጥብስ ቢያዝዙ ከብሮኮሊው ይልቅ ብዙ ካሎሪ የሚሰጥዎት ዘይቱ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ እንግዳው የማያየው ሌላ ደረጃ አለ። ዶሮው ወይም የበሬ ሥጋው በእንቁላል ነጭ፣ በስታርችና በጥቂት ሶያ ሶስ ይታሻል፤ ከዚያም መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ውስጥ ለአጭር ጊዜ ገብቶ ይወጣል፤ ወደ ዎኩ ጥብስ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። የቻይና ምግብ ቤት ሥጋ ያን ያህል የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይኸው ሥራ በዘይት ፈንታ በፈላ ውሃ ሊሠራ ይችላል፤ ልስላሴው ብዙም አይቀንስም። ሙያውን የሚያውቅ አብሳይ ሥጋውን በውሃ እንዲያሳልፈው ቢጠየቅ ይገባዋል። ቤቱ በተጨናነቀበት የምሳ ሰዓት ግን ባይሞከር ይሻላል፤ ለአንድ ሳህን ብሎ የተለየ ድስት የሚጥድ የለም።

በጣም ከሚያታልሉት ምግቦች አንደኛው ደበርጃን ነው። ውስጡ አየር የሞላው ስለሆነ ዘይት እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፤ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ሶስ የሚቀርበው የሲቹዋን (በሚያቃጥል ምግቡ የታወቀ የቻይና ክፍለ ሀገር) ደበርጃን ደግሞ በአብዛኛው ሶሱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በብዙ ዘይት ተጠብሶ ይወጣል። ሁለተኛው ቆዳው እስኪጨማደድ የሚጠበሰው ፎሶሊያ ነው። ስሙ “ደረቅ ጥብስ” ቢሆንም ምግብ ቤቶች ጊዜ ለመቆጠብ ብለው በጥልቅ ዘይት ይጠብሱታል። ሁለቱም ይጣፍጣሉ፤ ሁለቱንም ቀለል ያለ የአትክልት ምግብ ነው ብሎ ማዘዝ ግን ስህተት ነው። ደበርጃን ከወደዱ በእንፋሎት በስሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ከላይ ተደርጎበት የሚመጣው ዓይነት በብዙ ቤቶች አለና እሱን ይጠይቁ።

ስለ ሶሱ ደግሞ፣ የሚያብረቀርቀው ስታርች ስላለበት ነው። ስታርቹ ሶሱን ያወፍረውና ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያጣብቀዋል፤ ከሶሱ ጋር ጨውና ስኳሩ አብሮ ወደ አፍ ይገባል። ሳህኑ ሲያልቅ ሥሩ ላይ ብዙ ሶስ መቅረቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ በሩዝ ጠርጎ መጨረስ ግን ትርፉን ሁሉ ያጠፋል።

ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ ይህም ከ5 ግራም ያነሰ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶያ ሶስ ብቻውን ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው። ጨው የተቀነሰበት የሚባለው ከ500 እስከ 600 ገደማ ነው፤ ይሻላል እንጂ ነፃ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ጠርሙሱ ላይ “ላይት” የሚል ሶያ ሶስ ጨው የተቀነሰበት አይደለም፤ ቀጭንና ቀለሙ የፈዘዘ፣ በአብዛኛው ደግሞ ከጥቁሩ የበለጠ ጨዋማ የሆነው ነው።

ኦይስተር ሶስ፣ የተብላላ የባቄላና የቃሪያ ድልህ፣ የተብላላ ጥቁር ሶያ፣ ሆይሲን የሚባለው ጣፋጭና ወፍራም የሶያ ሶስ፣ የዶሮ ዱቄት እየተባሉ የሚጨመሩት ሁሉ ጨው አላቸው። አንድ ሳህን ላይ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ የቀኑ ድርሻ በአንድ ምግብ ሊያልቅ ይችላል።

ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የሚባለው ማጣፈጫ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከድርሻው በላይ ተወቅሷል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ መጥፎ ስሙ የጀመረው በ1968 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ደብዳቤ ነው። ራስ ምታት ያመጣብኛል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በቁጥጥር በተደረጉ ሙከራዎች ግን ውጤቱ በወጥነት አልታየም። ሶዲየሙ 12 በመቶ ያህል ነው፤ የገበታ ጨው 39 በመቶ ነው። ስለዚህ እሱ እንዲቀርልዎት ቢጠይቁ መብትዎ ነው፤ የምግቡ ጨው ይቀንሳል ብለው ግን አይጠብቁ። አንዳንድ አብሳይ የጎደለውን ጣዕም ለመሙላት ሶያ ሶስ ሊጨምርበት ይችላል።

አስተናጋጁን ከመጠየቅ በፊት ወጥ ቤቱ ምን መቀየር እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። ሥጋው ቀድሞ ታሽቶ አድሯል ወይም ውሏል፤ የደምፕሊንግ (በሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ) ሙሌቱ ተዘጋጅቷል፤ ሾርባው በትልቅ ድስት ተጥዷል። በእነዚህ ላይ “ጨው ቀንሱልኝ” ማለት ትርጉም የለውም፤ አዎ ተብሎ ያው ይመጣል። ሊቀየር የሚችለው በመጨረሻው ደቂቃ ዎኩ ላይ የሚፈስሰው ነው፤ ሶሱ፣ የመጨረሻው ዘይት፣ የአትክልቱ መጠን። ጥያቄውም በዚህ ልክ ይሁን፦ “ሶሱን ግማሽ አድርጉት”፣ “ሶሱን ለብቻው በትንሽ ሳህን አምጡልኝ”፣ “ብሮኮሊውን ጨምሩ”። ሦስቱም የሚሠሩ ጥያቄዎች ናቸው። አብሳዩ ቻይናዊ ከሆነና ቋንቋ ካላግባባ ሁለት ቃላት ይበቃሉ፤ “ሻኦ ዮው” ዘይት ቀንስ፣ “ሻኦ የን” ጨው ቀንስ ማለት ነው። ማጣፈጫው እንዲቀር ደግሞ “ቡ ያኦ ዌይ ጂንግ” ይባላል።

መጀመሪያ የሚቀርቡት

ከዚህ ክፍል ምርጫችን የቀዝቃዛ አትክልት ሳህን ነው፤ ተጨፍልቆ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በጥቂት የሰሊጥ ዘይት የሚለወስ ኪያር፣ ወይም ጥቁር እንጉዳይ። ኮምጣጤው ጣዕሙን ስለሚያነሳው ብዙ ጨው አይፈልግም።

ሾርባ ለካሎሪ ጥሩ፣ ለጨው መጥፎ ነው። የእንቁላል ሾርባ፣ ቅመሙ የሚያቃጥለው ኮምጣጣ ሾርባና የዎንቶን (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት) ሾርባ ሦስቱም በአንድ ኩባያ ከ100 ካሎሪ በታች ናቸው፤ ሶዲየማቸው ግን በኩባያው ወደ 900 ሚሊ ግራም ይጠጋል። ሆድን ቀደም ብሎ ስለሚይዝ ለክብደት ለሚጠነቀቅ ሰው ይጠቅማል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ሾርባና ሶስ ያለው ጥብስ በአንድ ገበታ መደራረብ አይመከርም፤ አንዱን ይምረጥ። በዎንቶኑ ሾርባ ውስጥ ያሉትን በልቶ ፈሳሹን መተው ሦስተኛ አማራጭ ነው።

ስፕሪንግ ሮልና ሌሎቹ በጥልቅ ዘይት የሚጠበሱት ይታለፉ፤ ውስጣቸው ያለው ጎመን ምንም አያድናቸውም።

ደምፕሊንግ በሦስት መንገድ ይመጣል፤ በእንፋሎት ወይም በውሃ የበሰለ፣ አንድ ጎኑ በመጥበሻ ላይ የተጠበሰ፣ በዘይት ውስጥ የተጠበሰ። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰው እንደሚያስበው የሰፋ አይደለም፤ ዋናው ልዩነት ሙሌቱ ላይ ነው። የአሳማ ሥጋ ሙሌት እንዲረጥብ ስብ ይበዛበታል፤ ሽሪምፕ ወይም አትክልት የሞላበት ይሻላል። መጥቀሻው ደግሞ ሶያ ሶስ ብቻ እንዳይሆን። ጥቁሩን የቻይና ኮምጣጤ ለብቻ ያስመጡ፤ በሦስት ማንኪያ ኮምጣጤ ላይ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስና የተከተፈ ዝንጅብል ቢጨመርበት ጣዕሙ አይጎድልም።

ዋናው ሳህን

ከሜኑው ሁሉ አንደኛ የምንለው በዝንጅብልና በቅጠል ሽንኩርት በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ ነው። ዓሣው በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ የጋለ ዘይት ከላይ ይፈስስበታል፤ ከዚያ ቀለል ያለ ሶያ ሶስ ይጨመራል። ዘይቱ ሽንኩርቱን ጠበስ አድርጎ መዓዛ የሚያወጣ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አስቀሩት ማለት ምግቡን ይጎዳዋል፤ “ትንሽ ብቻ” ማለት ይበቃል። ሶሱ ሳህኑ ሥር ስለሚጠራቀም የዓሣውን ሥጋ ከላይ ከላይ እያነሱ ቢበሉ አብዛኛው ጨው እዚያው ይቀራል። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ ሙሉ ዓሣ ለአንድ ሰው ይበዛል፣ እሾህ ለማውጣትም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀጥሎ ዶሮ በእንጉዳይ፣ ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ፣ ሽሪምፕ በአትክልት ይመጣሉ። ሶሱ ነጭ የሆነው ዓይነት ከቡናማው ቀለል ይላል፤ ቡናማው ሶያ ሶስና ኦይስተር ሶስ አለበት። ቅጠላ ቅጠሉን በተመለከተ፣ ቦክ ቾይ የሚባለው የቻይና ጎመን ወይም የቻይና ብሮኮሊ በውሃ ገንፈል ተደርጎ ኦይስተር ሶስ ከላይ ሲደረግበት በጣም ጥሩ ምግብ ነው፤ ሶሱን ለብቻው ካስመጡት ከዚህ የተሻለ በሜኑው ላይ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋው ሲታይ ቅጠል ብቻ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እኛ ግን በየገበታው አንድ ሳህን ቢኖር እንላለን።

ቶፉ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ለስላሳው ነጭ ቶፉ በእንፋሎት ወይም በሾርባ ውስጥ ሲመጣ ቀላል ነው። ወርቃማ ቆዳ ያለው ግን ቀድሞ በዘይት ተጠብሷል፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነም ሶሱን ከነዘይቱ ይይዛል። ማፖ ቶፉ የሚባለው የሲቹዋን ምግብ በፕሮቲን በኩል ጥሩ ሆኖ ሳለ ላዩ ላይ ቀይ ዘይት ይንሳፈፍበታል፤ ድልሁም ጨዋማ ነው። ቀዳዳ ባለው ማንኪያ ማንሳት ያግዛል።

የሲቹዋን “በውሃ የተቀቀለ ዓሣ” ደግሞ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። ስሙን ያየ ሰው ለጤና የሚሆን ቅቅል ይመስለዋል፤ የሚመጣው ግን በደረቅ ቃሪያና በጋለ ዘይት የተሸፈነ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ዓሣውን አውጥቶ በሌላ ሳህን ላይ ማንጠፍጠፍ እንጂ ፈሳሹን በሩዝ ላይ ማፍሰስ አይገባም።

በለውዝና በደረቅ ቃሪያ የሚጠበሰው ኩንግ ፓኦ ዶሮ መሀል ላይ ይቀመጣል። ለውዙ ካሎሪ ቢጨምርም ስቡ ጥሩ ስብ ነው፤ ችግሩ ሥጋው በዘይት ያለፈ መሆኑና በአንዳንድ ቤት ስኳሩ መብዛቱ ነው።

ጣፋጭና ኮምጣጣ የአሳማ ሥጋ፣ የብርቱካን ዶሮ፣ በጄኔራል ጾ ስም የሚጠራው ዶሮ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሥጋው በወፍራም ስታርች ይለበጣል፣ በጥልቅ ዘይት ይጠበሳል፣ እንዲንኮሻኮሽ ብዙ ጊዜ ዳግም ይጠበሳል፣ በመጨረሻ በስኳር ሶስ ይለወሳል። በአንድ ሳህን ከነሩዙ ከ1000 ካሎሪ ማለፉ የተለመደ ነው። እነዚህን “ሶሱን ለብቻው” ብሎ ማስተካከል ብዙም አያዋጣም፤ ዘይቱ ያለው ሽፋኑ ውስጥ ነው። የሚወድ ሰው ለአራት ሰው አንድ ሳህን ያስመጣና ሦስት ሦስት ቁራጭ ይካፈሉት።

ይህ ደግሞ ወደ መጠኑ ይወስደናል። የቻይና ሳህን ለመካፈል የተሠራ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሳህን የሚለው አዘዛዝ ምግቡን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። ለአራት ሰው የምንመክረው አንድ የእንፋሎት ምግብ፣ አንድ ሶስ ያልበዛበት ሥጋ በአትክልት፣ አንድ ሳህን ቅጠላ ቅጠልና አንድ ነፃ ምርጫ ነው። በቾፕስቲክ መብላት እዚህ ይጠቅማል፤ ማንኪያ ሶሱን ይዞ ይነሳል፣ ቾፕስቲክ ያንጠፈጥፈዋል።

ሩዝና ኑድል

አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ 200 ካሎሪ ያህል አለው፤ ጨው ሳይጨመርበት ስለሚበስል ሶዲየሙ ከምንም አይቆጠርም። የተጠበሰው ሩዝ ግን በኩባያው ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም ሊኖረው ይችላል፣ ዘይቱም ሳይቆጠር። ጨዋማ ምግብ ላይ የተጠበሰ ሩዝ መጨመር ሁለት ጊዜ ጨው መብላት ነው። በብዙ ቤቶች የሚመጣው ሩዝ ደግሞ አንድ ኩባያ ሳይሆን ሁለትና ከዚያ በላይ ነው፤ ግማሹን ገና ሳይጀምሩ ወደ ጎን ያድርጉት።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አትክልቱንና ሥጋውን ወይም ቶፉውን አስቀድሞ፣ ሩዙን ወደ መጨረሻ ቢያደርግ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ያለው ስኳር የሚጨምርበት ፍጥነት ይቀንሳል። በሶሱ ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርችም አይርሳ፤ ጣፋጭ የማይመስለው ቡናማ ሶስ ውስጥም አለ።

ከኑድሎቹ ሰፊውና ነጩ የሩዝ ኑድል ጥብስ በዘይት አንደኛ ነው፤ ዎኩ ላይ ስለሚጣበቅ አብሳዩ ዘይት ሳያበዛ ሊሠራው አይችልም። ኑድል በሾርባ ይሻላል፣ ሾርባው እስካልተጠጣ ድረስ።

ሆት ፖት

ገበታው ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ እየነከሩ የሚበሉት ሆት ፖት ምርጫውን ሁሉ ለተመጋቢው ስለሚተው ከሁሉም የተሻለ፣ ወይም ከሁሉም የከፋ ሊሆን ይችላል። የሚወስነው መረቁ ነው። የሲቹዋኑ ቀይ መረቅ ብዙ ጊዜ በበሬ ሞራ ይሠራል፤ ቅጠል ከገባበት ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ ሁሉ ለብሶ ይወጣል። የእንጉዳይ፣ የቲማቲም ወይም ነጭ የዶሮ መረቅ ይምረጡ። ድስቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ሥጋውን በቀዩ፣ ቅጠሉን በነጩ ያብስሉ።

የዓሣ ኳስና የታሸገ ሥጋ ቁራጭ ሲመረቱ ጨው የገባባቸው ናቸው፤ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ቶፉና እንጉዳይ ይቅደሙ። መጥቀሻው ላይ የሰሊጥ ቅቤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ካሎሪ ያህል ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል ቅጠል፣ ኮምጣጤና ቃሪያ ያለ ገደብ ይቻላል። በመጨረሻ የተረፈውን መረቅ መጠጣት ደስ ቢልም፣ ሰዓታት ሙሉ ሥጋ ሲበስልበት የቆየ ስለሆነ ሪህ ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም፤ ጨውም ተጠራቅሞበታል። ጥሬ ሥጋ የሚያነሱበት ቾፕስቲክና የሚበሉበት ይለያይ፤ ይህ በብዙ ገበታዎች ላይ ይዘነጋል።

አለርጂና የእንስሳት ውጤት

ሶያ ሶስ ስንዴ አለበት፤ ሴሊያክ (በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚያስነሳው የአንጀት በሽታ) ላለበት ሰው የቻይና ምግብ ቤት ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። ኦይስተር ሶስ በሁለት ቅርፊት መካከል ከሚኖር ኦይስተር ከሚባል የባሕር እንስሳ ይሠራል፤ ኤክስኦ የሚባለው ሶስ ደረቅ ሽሪምፕ አለው። ዎኩ በአንድ ምግብና በሌላው መካከል ፈጥኖ ታጥቦ ስለሚመለስ ለውዝ ከባድ አለርጂ የሚያመጣበት ሰው “አታድርጉበት” በማለት ብቻ አይተማመን፤ የተለየ ንጹሕ መጥበሻ ይጠይቅ፤ ከሌለ ሌላ ቤት ይሂድ። የእንስሳት ውጤት የማይበላ ሰውም “አትክልት ብቻ” በሚለው ምግብ ላይ ኦይስተር ሶስ፣ የዶሮ ዱቄትና የሥጋ መረቅ አለመኖሩን አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቶ ይጠይቅ።

ሻዩ ያለ ስኳር ስለሆነ ከለስላሳ ይሻላል፤ አንድ ጣሳ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ስኳር አለው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ዘግየት ያድርገው፤ ሻይ ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል።

ቡፌና ወደ ቤት የሚወሰድ

ቡፌ ላይ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መቆየት አለበት። እንፋሎት የማያወጣ፣ ላዩ የደረቀ፣ ሶሱ ቆዳ ያበጀ ምግብ ከዚያ በታች ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ትሪ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል። በሚወሰድ ምግብ ላይ ሶሱና ምግቡ ለየብቻ ይታሸግ፤ ዱቄት የለበሰው ምግብ በመንገድ ላይ ሶሱን ጠጥቶ ስለሚላቁጥ፣ ለጣዕምም ለጨውም ይጎዳል።

የተረፈ ሩዝ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። በሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ማብሰልን ይቋቋማል፤ ሩዙ በክፍል ሙቀት ሲያድር ይራባና የሚያስመልስ መርዝ ይተዋል፤ ያ መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ሩዙን በሰፊ ሳህን ላይ ዘርግተው ቶሎ ያቀዝቅዙት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይብሉት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አያሙቁት።